በስንደዶ የተለካው ራም

ሰኔ ሲገባ ንፋስ መውጫ ላይ ዝናብ ቀጠሮ አያጓድልም። ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ ሲመጣም ሰውን ሁሉ ባገኘው ጣራ ሥር ይሸጉጣል። በ2006 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ይኸው ዝናብ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ አዛውንት ካህን አባርሮ አባርሮ የልመንህ ሱቅ በረንዳ ላይ አቆማቸው።

ልመንህ ስልክ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ሰማያዊ በር ያላት አንዲት ክፍል ናት፤ ከበሯ በላይ «ልመንህ ሞባይልና ኮምፒውተር ጥገና» ይላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ «ኮምፒውተር» የምትለዋ ቃል የተጨመረችው ሰሌዳው ላይ ቦታ ስለተረፈ ነው። ውስጥ አንድ ኮምፒውተር መኖሩንስ አለ። ባሕር ዳር ያለ የአጎቱ ልጅ ገጣጥሞ የላከለት ሲሆን ሥራው ዘፈን ማጫወትና በየሰው ስልክ ላይ ዘፈን መጫን ነው። ልመንህ ሆዱን ከፍቶ አይቶት አያውቅም። ስልክ ግን ይችልበታል፤ ውኃ የገባበትን፣ በሬ የረገጠውን፣ ሊጥ ውስጥ የወደቀውን ሁሉ አስነሥቷል።

ያን ቀን ቀና ብሎ የአዛውንቱን ጀርባ ሲያይ እጁ ላይ ያለው መፍቻ ከበደው። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ የሆነ ዜማ የሚያዳምጡ ይመስል ራሳቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ቆመዋል። እንዲህ የሚቆም ሰው በጋይንት አገር አንድ ብቻ ነው፤ የቤተ ልሔሙ የድጓ መምህር፣ የኔታ ቀለመ ወርቅ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልመንህ የእሳቸው ተማሪ ነበር። ድምፁ ያማረ፣ ሁሉም «ይኼስ መምህር ይወጣዋል» የሚለው ልጅ። አንድ ማለዳ የኔታ አንድ ቦታ መሩት፤ ተቀብሎ ሊል ሲል ዜማው ጠፋበት። ከእሱ ኋላ የመጡት ያውቁታል፤ እሱ አላወቀውም። «ይዤዋለሁ የኔታ፣ ነገ እላለሁ» አለ። ነገ መጣ፤ አሁንም የለም። «ጉሮሮዬን አሞኝ ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ አኮፋዳውን ከጎጆው እንደተሰቀለ ትቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወደ ንፋስ መውጫ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የኔታን ገበያ ላይ ባየ ቁጥር መንገድ ይሻገራል። ዛሬ የሚሻገርበት መንገድ የለም፤ በገዛ በሩ ላይ ናቸው።

«ልጄ፣ እባክህ ይችን ዘፈን ቀነስ ብታደርጋት» አሉ የኔታ ፊታቸውን ወደ ውስጥ መልሰው።

ልመንህ ዝም ብሎ ቀነሳት። የኔታ ትክ ብለው አዩት፤ ግን አላወቁትም። ዓይናቸው ላይ ስስ ነጭ ነገር ወርዶበታል። ልመንህ ውስጡ ትንሽ ቀለል አለው፤ ዝናቡ እስኪያባራ አፉን ካልከፈተ ይተርፋል።

«የማን ልጅ ነህ?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ዲዳ ነህ እንዴ? ዲዳ ሰው ይህን ያህል ዘፈን ለምኑ ነው?»

ሳቁ አመለጠው። «አይ፣ ዲዳስ አይደለሁም» አለ ሳያስበው።

የኔታ ራሳቸውን ይበልጥ ዘንበል አደረጉ። «ይህ ድምፅ የልመንህ ነው» አሉ።

መሬቱ ቢውጠው ደስ ባለው። ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸው ግን ስለ ጥንቱ አንዲት ቃል አላነሡም፤ ይልቅ «ምን ሠርተህ ትኖራለህ?» አሉት። «ስልክ እጠግናለሁ» ቢል ይበቃው ነበር። ያ አኮፋዳ ግን ዓይኑ ላይ መጣና በሆነ ነገር ሊሸፍነው ፈለገ።

«ኮምፒውተርም እሠራለሁ» አለ።

«ኮምፒውተር!» የኔታ መቋሚያቸውን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። «እህ፣ ዝናቡን ያመጣው ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ!»

ጎንደር ከተማ ያለ የቀድሞ ተማሪያቸው አንድ ኮምፒውተር ልኮላቸዋል። ልጃቸው ሐረገ ወይን አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ጽሕፈት ተምራለች፤ እሳቸው ከብራናው እያነበቡ እሷ ድጓውን ትጽፋለች፤ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጠውን የዜማ ምልክት ደግሞ እሳቸው አንድ በአንድ እያዩ ያርማሉ። ከዮሐንስ ጀምረው አስተምህሮ የሚባለው ክፍል ደርሰዋል። ጽሑፉ በበዛ ቁጥር ግን ማሽኑ ደከመ። አንዱን ገጽ ለመክፈት ዳዊት ይደገምበታል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይቆማል።

«ዓይኔን ታየዋለህ» አሉ የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሐኪሙ ከክረምቱ ወዲያ አልጠብቅልህ አለኝ። መምህሬ ያሳዩኝ አንዳንድ ምልክት አለ፤ ከእኔ ሌላ የሚያርመው የለም። ዓይኔ ሳይዘጋ ማለቅ አለበት።»

«ራሙ፣ ማስታወሻው አንሶት ነው» አለ ልመንህ። ይህን ከአጎቱ ልጅ ሰምቶታል፤ እውነትም ነበር። «ፈጣን ራም ከገባለት እንደ ፈረስ ነው የሚሆነው። ለእኔ ተዉት፣ የኔታ።»

በሳምንቱ ወደ የኔታ አገር ወደ ቤተ ልሔም ወረደ። የኔታ ቤት ውስጥ ሁለት መሪጌቶችና አንድ ቄሰ ገበዝ ባለሙያውን ሊያዩ ተቀምጠው ቆዩት። ሐረገ ወይን ጠላ ቀድታ ሰጠችውና አጠገቡ ቆመች፤ ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ የማያርፍ፣ ምላሷ የተሳለ ልጅ ናት።

ልመንህ የማሽኑን የጎን ክዳን ፈትቶ ወደ ውስጥ አየ። ሽቦ በሽቦ ነው። መሀል ላይ አረንጓዴዋ የራም ሳንቃ በጠርዟ ቆማ፣ በሁለት መያዣ ተነክሳ ተሰክታለች። መንቀል ነበረበት፤ ነቅሎ ማየት፣ የተጻፈባትን ማንበብ። ግን ብትነቀልና መልሳ ባትገባስ? በእነዚህ ሁሉ ካህናት ፊት?

«ሁሉ የሚሰካበትን የቦርዱን ስም አትጽፍም?» አለች ሐረገ ወይን። «ከካርቶኑ ጋር የመጣ መጽሐፍ አለው። ምን ዓይነት ራም እንደሚቀበል፣ ፕሮሰሰሩ ምን እንደሆነ ሁሉ አለበት። ላምጣልህ?»

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። የልመንህ እንግሊዝኛ ስልክ ላይ ካሉት ቃላት ብዙም አያልፍም።

«እኔ እያለሁ መጽሐፍ ምን ያደርጋል!» አለ።

ግድግዳው ላይ የሐረገ ወይን ያላለቀች ሙዳይ ተሰቅላለች። ከጎኗ ካለው የስፌት ሣር እስር አንዲት ስንደዶ መዘዘ፤ በራሟ ቁመት ልክ ዘርግቶ በጥርሱ ቀጨት አደረጋት። በዚያ አገር ሰው ለልጁ ጫማ የሚያስገዛው እንዲህ ነው። ልጁ ሩቅ ገበያ አይሄድም፤ እግሩ በስንደዶ ተለክቶ ስንደዶዋ ትሄዳለች፤ ጫማው ልክ ሆኖ ይመጣል።

«ራም ነው ወይስ ጫማ?» አለች ሐረገ ወይን።

«ቁመቱ ከገጠመ ይገጥማል።»

«ስፋቱንስ አትለካውም? ጣቱ እንዳይጨንቀው።»

መሪጌቶቹ ሳቁ። «ተይው ሐረግ፣ ባለሙያውን አታስቸግሪው» አሉ የኔታ። ልመንህ ጆሮው እየጋለ ክዳኑን ገጠመ።

ስንደዶዋን የወሰዳት ሀብቴ ነው። ሀብቴ ከንፋስ መውጫ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል፤ ከራሱ በላይ ባለችው የፀሐይ መከለያ ላይ ሁልጊዜ አምስት ስድስት ስንደዶ ተሰክቶ ይታያል። የእገሌ ልጅ እግር፣ የእገሊት ባል እግር፤ ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል።

«ባሕር ዳር ያለውን የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ፣ ይህን ያህል የሚረዝም ራም፣ ካለህ ሁሉ ፈጣኑን በለው» አለው ልመንህ።

ሀብቴ በሦስተኛው ቀን እየሳቀ መጣ። «ባለሱቁ ስንደዶውን ሲያይ በሳቅ ሊወድቅ ነበር። 'ቦርዱ ምንድነው? ፕሮሰሰሩስ?' አለኝ። 'እኔ ቦርድ አልተላክሁም፣ ስንደዶ ነው የተላክሁት' አልሁት። ለካው፤ ልክ ሆነ። 'የእኔ ሁሉ ይኸው ቁመት ነው' ብሎ ፈጣኑን ሰጠኝ። ይኸው፣ ፍጥነቱ 1600 ይላል።»

ልመንህ ራሟን ከስንደዶዋ ጎን አስተኛት። እኩል ናቸው። ያን ሌሊት ተኝቶ አደረ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት እንዲያ አልተኛም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የየኔታ ቤት ሞላ። ልመንህ አሮጌዋን ራም ነቀላት፤ ያለ ችግር ወጣች። አዲሷን አስገባ። አልገባችም። ገፋ አደረጋት። አልገባችም። ዝቅ ብሎ ሲያይ ነገሩ ታየው። እያንዳንዷ ራም ከታች ጠርዟ ላይ ቆረጥ ያለች ክፍተት አለቻት፤ መሰኪያው ውስጥ ደግሞ ለዚያች ክፍተት የተሠራ ጥርስ አለ። የአሮጌዋ ክፍተት ጥርሱ ላይ ትገጥማለች። የአዲሷ ክፍተት የአውራ ጣት ጥፍር ታህል ዞር ብላለች። ቁመቷ ልክ ነው። ክፍተቷ ቦታዋ አይደለም።

«ምነው?» አሉ የኔታ።

ያኔ ማለት ነበረበት። «አልገጠመም፣ ተሳስቻለሁ፣ የቦርዱን ስም ላንብብ» ቢል አሮጌዋን መልሶ ሰክቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አሥራ አምስት ሰው እያየው ነው። የኔታ ደግሞ ከሁሉም ፊት፣ ራሳቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው፣ ያኔ ዜማው እስኪመጣለት እንደጠበቁት ይጠብቁታል።

«አዲስ ስለሆነች ጠብቃ ነው» አለ። «ትንሽ ላስተካክላት።»

ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ከቦርሳው ሞረድ አወጣ። ጥርሱ ባለበት በኩል አዲስ ክፍተት ሞረደላት። አረንጓዴ ዱቄት ጉልበቱ ላይ ረገፈ። ከዚያ በሁለት አውራ ጣቱ ተጫናት፤ ቀጭ ብላ ገባች። ሰው ሁሉ «እሰይ» አለ። ማብሪያውን ተጫነ።

ጢስ ብሎ የሚያስወራ ጢስ እንኳ አልወጣም። ጠፍ የሚል ትንሽ ድምፅ፣ እንደተቃጠለ ጠጉር ያለ ሽታ፤ ከዚያ ዝም። ሲጫነው ዝም። ነቅሎ ሲሰካው ዝም። ግድግዳው ላይ ያለችው አምፖል በዚያው ቅጽበት አንዴ ጨለም ብላ መለስ አለች።

«መብራቱ ነው!» አለ ልመንህ። ቃሏ ከአፉ ስትወጣ ራሱ ሰማት። «ኃይል ጨምሮ አቃጠለው!»

«አየህ!» አሉ ቄሰ ገበዙ ጭናቸውን መትተው። «የእኔንም ሬዲዮ የበላው ይኸው ነው!» ሁሉም የተበላበትን ማውራት ጀመረ። የኔታ በመሀል ተነሥተው ልመንህን ትከሻውን ዳበሱት። «አንተን አለማግኘቱ ተመስገን» አሉ። «ማሽኑስ ይቅር። እጅህ ደኅና ነው?»

ልመንህ እጁን አየ። ሐረገ ወይንም እጁን አየች፤ ከዚያ ጉልበቱ ላይ ያለውን አረንጓዴ ዱቄት፤ ከዚያ ፊቱን። መጥረጊያ አምጥታ መሬቱን ጠረገች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ለልመንህ ከባድ ነበሩ። ሱቁን ይከፍታል፤ ዘፈን ግን አያጫውትም። ደንበኛ «ታመሃል እንዴ?» ይለዋል። የኔታ ዓይናቸው እየደከመ ብራናውን ይዘው ልጃቸው በእጇ ስትጽፍ ያስባል። የተጻፈው ሁሉ ያ የተቃጠለ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ይኑር አይኑር አያውቅም፤ መጠየቁንም ፈራው።

አንድ ቀን ሀብቴ መኪናውን አቁሞ ወሬ ይዞ ገባ። «የቤተ ልሔሙን ይታየውን ታውቀዋለህ? የመብራት ሠራተኛውን?»

«ረጅሙን?»

«አዎ። የኔታ ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝብ ፊት አቆሙት። 'የስድስት ወር ልፋት አቃጠልህ' አሉት። 'መስመሩ ደኅና ነው፣ በልጆቼ' ብሎ ቢምል፣ 'በሐሰት አትማል' ብለው ገሠጹት። ካህናቱም ለቢሮ ክስ ጽፈው ፈርመውበታል። አሁን ከብት ጠባቂው ሳይቀር 'ድጓ አቃጣዩ' ነው የሚለው። ምስኪን፣ ጠላ ቤት መግባት እንኳ ትቷል።» ሀብቴ ሳቀ። ልመንህ አልሳቀም።

ሀብቴ እንደወጣ በሩን ዘግቶ የራሱን ኮምፒውተር ከፈተው። ለመጀመሪያ ጊዜ። ራሙን ነቅሎ በመስኮቱ ብርሃን አየው፤ ክፍተቷ ያችው የሞረዳት ራም ክፍተት የነበረችበት ቦታ ላይ ናት። ያች ራም የእሱ ቤት ራም እኅት ነበረች! አጠገቡ ያለውን ሳጥን ከፍቶ ቢያይ ኖሮ ሁለት ዓይነት መኖሩን ባወቀ። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ከዚያ የባሕር ዳሩን ባለሱቅ ቁጥር ከሀብቴ ተቀብሎ ደወለ።

«ባለስንደዶው!» አለ ባለሱቁ። «ገጠመ?»

«አልገጠመም» አለ ልመንህ። «ሞርጄ አስገባሁት።»

«ሞርደህ… ወይ ጉድ! ያች ክፍተት እኮ አንተ እንዳትሳሳት ተብላ የተሠራች ናት። አሮጌው ዲዲአር ሁለት ነው፤ የወሰድኸው ዲዲአር ሦስት። ቁመታቸው አንድ ነው፤ አንዱ በሌላው ቤት ግን አያድርም። የሚፈልጉት ኃይልም ለየቅል ነው። ቦርዱ ማን ነበር?»

«አላውቅም።»

«ፕሮሰሰሩስ?»

«እሱንም አላውቅም።» ሁለተኛው «አላውቅም» ከመጀመሪያው ቀለለው። «የተጻፈበትስ? ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያለው ተቃጥሏል?»

«ሃርድ ዲስኩ ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ነቅለህ ሌላ ማሽን ላይ ሰክተህ እየው።»

ልመንህ ተነፈሰ። «አሁን ፊቴ ሌላ ማሽን አለ። የራሴ ነው። ራም ልጨምርለት እፈልጋለሁ። ምን ላንብብልህ?»

ባለሱቁ ትዕግሥተኛ ሆነ። ማዘርቦርዱ ላይ በትልቁ የታተመውን ፊደልና ቁጥር አስነበበው። ፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ሥር ስለሆነ ማሽኑን አስነሥቶ ስሙን ከስክሪኑ ላይ እንዲያይ ነገረው። ነባሩ ራም ላይ የተለጠፈችውን ወረቀትም አስነበበው። ልመንህ ፊደል በፊደል እየጠራ ሁሉንም በደብተር ላይ ጻፈ።

«ገባኝ» አለ ባለሱቁ። «ቦርዱ ዲዲአር ሦስት ይቀበላል፤ አንድ ባዶ መሰኪያ አለህ። 1600ውን ፈጣኑን ልላክልህ?»

«ፕሮሰሰሩ ያስኬደዋል?»

«አይ፣ የአንተ ፕሮሰሰር ከ1333 በላይ አያስኬድም። 1600 ብትሰካበት ይሠራል፤ ግን በ1333 ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው 1333ቱን ላክልኝ፤ ከነባሩ ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን።»

ሀብቴ በማግሥቱ መልእክቱን ሊቀበል ሲመጣ ወረቀት ሰጠው። ሀብቴ ወረቀቱን ገለባበጠው። «ዛሬ ስንደዶው የት ሄደ?» አለ።

ራሟ ስትመጣ ሰካት፤ ሳትገፋ ገባች። ከማሽኑ ውስጥ ዘፈኖቹን አንድ ሳያስቀር ደመሰሰ። ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልሎ በሀብቴ መኪና ወረደና ከአስፋልቱ በኋላ ያለውን መንገድ ተሸክሞት ሄደ። እየሄደ የሚናገረውን ያጠናል። «የኔታ፣ ያን ቀን መብራቱ…» ይላል፤ ይተወዋል። «የኔታ፣ ምናልባት እጄ…» ይላል፤ ይተወዋል። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጠዋል።

የኔታ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ብራና ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ይዘዋል፤ ጣታቸው በመስመሩ ላይ ይሄዳል። ሐረገ ወይን ከፊታቸው በደብተር ትጽፋለች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ የኔታ፣ ልመንህ።» ሳጥኑን አስቀምጦ ተንበረከከ። ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። «መብራቱ አልነበረም» አለ። «እኔ ነኝ ያቃጠልሁት። ራሙን ሳላነብ በስንደዶ ለክቼ አስገዛሁ፤ አልገጥም ሲል በሞረድ ሞርጄ አስገባሁት። ኮምፒውተር አላውቅም ነበር። አውቃለሁ ያልሁት አፍሬ ነው። ዋሸሁ።»

የሐረገ ወይን እስክሪብቶ ቆመ። የኔታ ብራናውን ቀስ ብለው ዘጉት። ፊታቸው ላይ ልመንህ የፈራው ቁጣ አልመጣም፤ የባሰ ነገር መጣ፤ ጉንጫቸው ቀላ።

«ይታየውን ሰው ፊት ሐሰተኛ ብየዋለሁ» አሉ። «በእኔ አፍ።»

«አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«እኔ ለራሴ እሄድለታለሁ። አንተ ግን ቅደመኝ። ያን ሳጥን ሳትከፍት፣ ውኃም ሳትጠጣ።»

ይታየው ከገበያው ዳር አንድ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ይሠራ ነበር። ልመንህ ከሥር ቆሞ ነገረው፤ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«አልሰማሁም!» አለ ይታየው ከላይ። «ንፋስ ነው፤ ጮክ በል!»

ንፋስ አልነበረም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ልመንህ ደገመው።

«ማን አቃጠለው?»

«እኔ!» አለ ልመንህ በሙሉ ድምፁ። ያ በድጓ ቤት የተመሰገነ ድምፅ ገበያውን አዳረሰው፤ ጨው የሚመዝነው ሚዛኑን፣ በግ የሚጎትተው ገመዱን ይዞ ዞር አለ። «ኮምፒውተሩን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ! መስመሩ ደኅና ነው! ይታየው የማለው እውነቱን ነው!»

ይታየው ምሰሶውን እንደታቀፈ ወደ ታች አየው። «አሁን ሰማሁ» አለ። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። ይቅርታም አላለው፣ አልረገመውም። ልመንህ በዚያ ሁሉ ዓይን መሀል እየተራመደ ተመለሰ።

ሲደርስ ሐረገ ወይን የተቃጠለውን ሳጥን አውጥታ፣ ያን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከላዩ አስቀምጣ ጠበቀችው። «አሁንስ ላንብብልህ?» አለች።

«አንብቢልኝ» አለ።

እሷ እያነበበች፣ እሱ እየፈታ ሃርድ ዲስኩን አወጡት። ከእሱ ማሽን ውስጥ ካለው ጎን እንደ ሁለተኛ አድርጎ ሰካው። ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ በራ። ሐረገ ወይን ፈለገች፣ ፈለገች። ከዚያ በእጇ አፏን ያዘች። ድጓው ከዮሐንስ እስከ አስተምህሮ፣ ከነምልክቱ፣ አለ። ገጹ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ተከፈተ።

«የሱቅህን እስክስታስ የት አደረግኸው?» አለች ፋይሎቹን እያየች።

«ደመሰስሁት።»

«አንዱን እንኳ አላስቀረህም? ክፉ ነህ።» ዓይኗ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀለት።

የኔታ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ፊደሉን እስከቻሉት አስፍተው አዩ። «ይህ ነው እንግዲህ ፈጣኑ?»

«ከዚህ የሚፈጥን አለ፣ የኔታ» አለ ልመንህ። «ይህ ፕሮሰሰር ግን ከዚህ በላይ አያስኬደውም። የሚስማማውን ነው ያመጣሁት።»

«እንደ ማኅሌቱ ነው በለኛ» አሉ። «ከበሮው ዝግ ብሎ እየተመታ አንዱ ብቻውን ቢጣደፍ ማን ይከተለዋል።» ጣታቸውን አንድ ምልክት ላይ አሳርፈው ለሐረገ ወይን «ይህን አንሺው፣ ቦታው ከፊት ነው» አሏት፤ ሥራው ቀጠለ። ልመንህ እስኪመሽ አጠገባቸው ተቀምጦ ዋለ። ሱቁ ውስጥ ከእንግዲህ ኮምፒውተር እንደሌለ፣ በሰሌዳው ላይ ያለችውን ቃል ነገ በቀለም መሸፈን እንዳለበት ያስብ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሣ። የኔታ በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ እስከ አጥሩ በር ሸኙት። እዚያ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ራሳቸውን ወደ ግራ ዘንበል አደረጉ።

«ያኔም» አሉ፣ «ያን ማለዳ፣ 'አልያዘልኝም የኔታ' ብትለኝ ኖሮ እኮ… ደግሜ እመራህ ነበር።»